እማማ ቤት ከመግባትሽ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ሲሆን አንቺ «እሺ እማ፣ እሺ» ትያለሽ፤ እኔም ባንኮኒው ላይ ደንበኛ ይቆምና ግማሹን ሳልነግርሽ እዘጋለሁ። ደግሞ ይሄ ወሬ እማማ ቤት ሆነሽ በስልክ የሚወራ አይደለም። አንብቢውና ቢሮ መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጪው።

ሥራ በማግኘትሽ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። የአዲስ አበባ ኪራይ ግን ጀማሪ ሠራተኛ የሚችለው አልሆነም። ስለዚህ እማማ ጋ ልግባ ስትዪ እኔም ፈቀድኩ። እሷማ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው፤ የልጄ ልጅ ምን ሆና ነው ሰው ቤት የምትከራየው» ብላ ከወዲሁ ክፍሉን ለቅልቃዋለች። ጉልበቷም እየደከመ ስለሆነ ማታ ማታ አጠገቧ ሰው ቢኖር እኔም እፎይ እላለሁ። ብቻ የምትገቢበትን ቤት ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። ከስረሽ ከምታውቂው አውቀሽ ግቢ።

እማማ ጋ የሚኖረውን አጎትሽን አንቺ የምታውቂው በበዓል ነው። በበዓል ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ እየሳቀ ነው የሚጠብቀን። በጉን አርዶ፣ ለሁላችንም ቁርጥ አጉርሶ፣ አሳቆን ይሸኘናል። የአዘቦቱን ቀን አላየሽውም።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሳለ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደብተር የሚገዛው እሱ ነበር። ጫቱ ያኔም ነበረ። ሌሊቱን ሙሉ የሚነዳ ሰው ያለ ጫት አይሆንለትም ይባል ስለነበር ማንም ነገሬ አላለውም። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚሉት መጠጥ፣ ጠዋት ለመነሳት ኢጀበና የሚሉት የማለዳ ጫት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሚሌ አካባቢ መኪናው ተገለበጠና ጭኑ ተሰበረ። ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። አጥንቱ ገጠመ፤ ትራማዶሉ ግን አልቆመም።

መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው ያደግሽው፣ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር ላድርግልሽ። ትራማዶል የሚሠራው በነሞርፊን መንገድ ነው። ኃይለኞቹ ማስታገሻዎች ሞርፊንና ፔቲዲን እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። በልዩ ማዘዣ ካልሆነ አይወጡም፣ የሚቀመጡትም ተቆልፎባቸው ነው። ትራማዶል እዚያ ስምምነት ውስጥ የለም። የሐኪም ማዘዣ ይፈልጋል፤ ነገር ግን «ይሄማ ቀላሉ ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። እኔ ጋ ራሱ «እናቴ ታማ ነው» እያለ ባዶ የክኒን ማሸጊያ ይዞ የሚመጣ ልጅ ብዙ ነው። እናቱ ምኗን እንዳመማት ስጠይቀው ይቆጣል።

ሐኪም የሚያዘው በቀን ቢበዛ 400 ሚሊግራም ነው። ባለ 50ውን ካፕሱል ከቆጠርሽ ስምንት መሆኑ ነው። አጎትሽ ይሄን ካለፈ ቆይቷል። መጠኑ ሲበዛ ልክ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊያንፈራግጥ ይችላል። ከአረቄ ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽን ያዘገያል። ሲያጣው ሌላ ጣጣ ነው። ሀራራው ሲነሳበት ያልበዋል፣ አፍንጫው ይንጠባጠባል፣ ሆዱ ይረበሻል፣ እግሩን ማሳረፍ ያቅተዋል። ስኳር ቢሰጡት አይበርድለትም፣ ጸሎት ቢደገምለት አይሰማም። ያን ሰዓት የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ በእናቱ ስም ይምላል።

ሰዎች «በሽታ ነው እኮ፣ ምን ያድርግ» ሲሉ እሰማለሁ። በሽታስ በሽታ ነው፤ በሙያዬ እመሰክራለሁ። ግን በሽታ ነው ማለት ቦርሳሽን ክፍት ትተሽለት ሂጂ ማለት አይደለም። ደግሞ «ባለጌ ነው» የሚሉት አሉ፤ እነሱም አልገባቸውም። ሁለቱንም ሳትከተዪ መኖር ትችያለሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እማማ ትዋሻለች።

እንዳትደነግጪ። ኪዳን የማታስታጉል፣ ሰባቱን አጽዋማት የምትጾም ሴት ለልጇ ስትል ዓይኗን ሳታሽ ትዋሻለች። የጋዙ ሲሊንደር የጠፋ ጊዜ «አሮጌ ነበር፣ እኔ ነኝ የሸጥኩት» አለች። ብረት ድስቱን ቆራሌው ተሸክሞት ሲወጣ ጎረቤት አይቶ ነገረኝ፤ እሷ ግን «ተበስቶ ነበር» አለችኝ። የአንገቷ የወርቅ መስቀል ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደቀባት ተብሎ ሁላችንም «አይዞሽ» ብለናታል። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ባለፈው ፋሲካ አብሬያት ሳድር ልብ ብዬ አየኋት፤ ልብሷን ቀየረች፣ ሻሿን ፈታች፣ መቀነቷን ግን አልፈታችም። ብሩ ጫፉ ላይ ተቋጥሮ ነበር። በዚያ በኩል ተጋድማ፣ ቋጠሮውን ከሆዷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ጠዋት ደግሞ ራሷ ፈትታ ሰጠችው። «ሰው ፊት ከሚያዋርደኝ ብዬ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት።

ስለዚህ እማማ «ለመብራት ስጪኝ» ብትልሽ በእጇ አትስጪያት። መብራቱን ራስሽ በቴሌብር ክፈዪ። ጤፉን አስፈጭተሽ ዱቄቱን አምጪላት፤ እህሉን ካመጣሽ ወጥቶ ይሸጣል፣ ዱቄት ግን ገዢው ትንሽ ነው። ዘይት ባለ አምስት ሊትሩን አትግዢ። ይረክሳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ጀሪካኑ ሳይከፈት ነው ሱቅ የሚመለሰው። አንድ አንድ ሊትር እየገዛሽ ከፍተሽ አስቀምጪላት። እንዲህ ስታደርጊ መጀመሪያ ትቀየምሻለች። «አላመንሽኝም» ትልሻለች። ዝም ብለሽ ጉንጯን ሳሚያትና ቡናውን አፍዪ።

ስልክሽን ለማንም አታውሺ። አጎትሽ «አንድ ሰው ጋ ልደውል» ቢልሽ ቁጥሩን ራስሽ ደውለሽ ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊለት። የሚስጥር ቁጥርሽን ያወቀ ሰው ያለውን ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ቴሌብር መላና እንደኪሴ የሚባሉት ብድሮች በስምሽ ሊወጡ ይችላሉ፤ ከፋዩዋ አንቺ ነሽ። የልደት ዓመትሽን ሚስጥር ቁጥር አታድርጊ፤ የልደት ኬክሽን የቆረሰልሽ እሱ ነው። የኤቲኤም ካርድሽ፣ የትምህርት ማስረጃሽና ፓስፖርትሽ ቢሮ ይቀመጡ። የቤቱ ካርታ እኔ ጋ ደሴ ነው፤ ቢጠይቁሽ የት እንዳለ አታውቂም።

ለክፍልሽ አዲስ ቁልፍ አሠሪ። አጎትሽ «ከእኔ ነው የቆለፍሽው?» ይልሻል፤ ቅስሙ የተሰበረ መስሎ ነው የሚጠይቅሽ፤ ምናልባትም የእውነት ይሰበራል። አትከራከሪው። «የቢሮ ንብረት ስለያዝኩ ነው፣ ጋሼ» በይው። ማታ ከውስጥ ቆልፈሽ ተኚ። እሱ እጁን አያነሳብሽም፤ ይዟቸው ለሚመጣው ጓደኞቹ ግን ዋስ አልሆንም። የሚያስፈራ ነገር ካየሽ የእድራችን ጸሐፊ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አንኳኪ፣ ነግሬያታለሁ። ለፖሊስ 991 ደውዪ። «የቤት ገመና» ይሉሻል። ገመናው አንቺ ላይ ጉዳት እስኪደርስ የሚጠበቅ ከሆነ ገመናው ይቅርብኝ።

የአክስትሽ ልጅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እሱ አይሰርቅም፤ እንድትሰጪው ያደርግሻል። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ እውነት ለመናገር እኔንም ያስቀኛል። ጋንጃውን «እንደ ቀልድ ነው» ይላል፤ ከጓደኞቹ ግማሹ ግን ያበደሩትን ብር ይፈልጉበታል። ታክሲ ድረስ ይሸኝሻል፣ «እህቴ» ይልሻል፣ ከዚያ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወይ ለሥራ ዋስ ሁኚኝ ነው፣ ወይ እቁብ ሊገባ ዋስ ጠይቀውት ነው። ደሞዝተኛ ስለሆንሽ ፊርማሽ ዋጋ አለው። አትፈርሚ። እቁቡን በመጀመሪያው ዕጣ በልቶ ቢጠፋ ዳኛው የሚመጣው አንቺ ቢሮ ነው። «እናቴ እንዳልፈርም አስምላኛለች» በይው። ክፉዋ እኔ ልሁን፤ ደሴ ድረስ መጥቶ አይጣላኝም።

ዕቃም አድርሺልኝ ቢልሽ አትያዢ። «እግረ መንገድሽን ነው፣ ሰውየው ፒያሳ ይጠብቅሻል» የሚል ነገር አይመቸኝም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የሚያወራው ስለ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ቦርሳሽ ውስጥ ከተገኘ «የአክስቴ ልጅ ነው የሰጠኝ» ማለት ብዙ አያራምድሽም።

አንድ ነገር በቃልሽ ያዢልኝ። አጎትሽ ወድቆ ቢንፈራገጥ እማማ «መጋኛ መታው» ብላ ክብሪት ልትጭር ትሮጣለች። አትፍቀጂላት። ክብሪት ማሽተት ምንም አይጠቅመውም። ሲወራጭ አትያዢው፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አታስገቢ። ጭንቅላቱ እንዳይመታ ነጠላ ሥሩ አድርጊና ሲረጋ በጎኑ አስተኚው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዝም ብሎ የተኛበት ቀን ነው። ሌላ ጊዜ የማያንኮራፋ ሰው እንግዳ ማንኮራፋት ቢያሰማ፣ ስትነቀንቂው ካልነቃ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከተራራቀ፣ «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» ቢሉሽ አትስሚ። በጎኑ አድርገሽ 907 ደውዪ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ሐኪሙ ሲጠይቅ እማማ «ልቡን ነው» ትላለች። አንቺ የወሰደውን ንገሪ፤ ባዶ ማሸጊያውን ከትራሱ ሥር ፈልገሽ ይዘሽ ሂጂ።

በተለይ ከሕክምና ወይ ከፀበል በተመለሰ ሰሞን ንቂ። እንጦጦ ሲቆይ ፊቱ ጠርቶ፣ ምግብ እየበላ ይመለሳል። ፀበሉን አልቃወምም፤ እኔው ነኝ ስንቅ የማቀብለው። ነገር ግን ሰውነቱ መድኃኒቱን ረስቶታል። እሱ የሚያስታውሰው የድሮውን መጠን ነው። ያንኑ ያህል በአንዴ ቢውጥ ሊገድለው ይችላል። እኛ «ዳነ» ብለን ድግስ የምንደግስበት ሳምንት ነው አደገኛው።

ይሄን ሁሉ ስጽፍልሽ እንድትሸሺው አይደለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ወንድሜ ራሱን ነው። ቡና ስታፈዪ ጥሪው። ከአዲስ አበባ እስከ ጋላፊ ያለውን መንገድ በየኩርባው ያውቀዋል፤ የቱ ጋ ምን ይበላል፣ የቱ ጋ ጎማ ይፈነዳል፣ ጠይቂው። ባለፈው የእማማ ሮቶ ሲያፈስ ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ ውሎ ጠግኖታል፣ አንድ ብርም አልጠየቀ። እንግዳ ፊት አታሳጪው። «ተው» አትበይው፤ «ተው»ን ከጠገበው ቆይቷል፣ ቄሱም ሽማግሌውም ብለውታል። አንድ ቀን ግን ራሱ «ሰለቸኝ» ካለሽ፣ ሥራ ላይ ብሆንም ያኔውኑ ደውዪልኝ። ነገ አትበዪ፤ ነገ ሐሳቡ ይለወጣል። አማኑኤል ሆስፒታል ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ። ዕዳውን መክፈል፣ አስተኝቶ ማስታመም፣ ክኒኑን መደበቅ ያንቺ ሥራ አይደለም። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።

ኑሮው ካልተመቸሽ እስከ ጥምቀት ሞክሪውና እንነጋገር። ያቺ የዶርም ጓደኛሽ ኮተቤ ክፍል የያዘችው አብሯት የሚገባ ሰው እየፈለገች ነው ብለሽኝ ነበር። ድርሻሽን ግማሹን እኔ እችላለሁ፣ አስቤበታለሁ። እማማ ብትቀየም ከእኔ ጋር ትነጋገራለች። በርበሬውና ሽሮው ተዘጋጅቷል፤ ቅዳሜ በአውቶብስ እልክልሻለሁ፣ መናኸሪያ ድረስ ራስሽ ሄደሽ ተቀበዪ፣ ማንንም አትላኪ።

እናትሽ፣
ከደሴ