የእንሽላሊቷን መጥፋት በማዕበል አታሳቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ካሪቢያን ደሴቶች ብርቅዬ እንስሳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቁጭት ጨረስሁት። የሴንት ክሮይ የመሬት እንሽላሊት ከዋናው ደሴት የጠፋችው በማዕበል ነው ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችኋል። ያቺ አንድ መስመር እውነተኛውን ጥፋተኛ ነጻ ታወጣለች።

ዛሬ የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ሴንት ክሮይ በዴንማርክ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አይጥ የሸንኮራ አገዳውን ሲጨርስባቸው የእርሻው ባለቤቶች ሞንጉስ የተባለ ሸለምጥማጥ መሰል አዳኝ ከውጭ አስመጥተው ለቀቁ። አይጥ በአብዛኛው የሚወጣው ሌሊት ነው፤ ሞንጉስ የሚያድነው ደግሞ ቀን። ቀን ቀን የረገፈ ቅጠል እየጫረች ነፍሳት የምትለቅመው እንሽላሊት ግን ከፊቱ ነበረች። ኑሮዋ መሬት ላይ ስለሆነ እንደ ሌሎቹ ዛፍ ለዛፍ ሸሽታ አታመልጥም። ከ1968 ወዲህ በዋናው ደሴት ላይ አልታየችም።

ማዕበልማ አለ። በ1989 ሁጎ፣ በ2017 ማሪያ የተባሉት ማዕበሎች ሴንት ክሮይን ክፉኛ መትተዋል። ነገር ግን ያው ማዕበል የመታቸው ሁለት ሚጢጢ ደሴቶች፣ ፕሮቴስታንት ኬይና ግሪን ኬይ፣ እንሽላሊቷን አላጡም። ልዩነቱ ሞንጉስ እዚያ አለመኖሩ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከክርስቲያንስተድ ወደብ በትንሽ ጀልባ ወደ ፕሮቴስታንት ኬይ ተሻግሬ በዓይኔ አይቻታለሁ። መሻገሪያው የጥቂት ደቂቃ ነው። ከቁጥቋጦ ሥር ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ጎንበስ አልሁ፤ ከጣቴ እምብዛም የማይረዝም ቡናማ ገላ፣ ከኋላው ሰማያዊና ጥቁር ቀለበት የተፈራረቀበት ረጅም ጅራት። ትንፋሼን ውጬ ቆምሁ። እናንተ ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶግራፍ የአረንጓዴ ኢጓና ነው፤ ፈጽሞ ሌላ እንስሳ።

ሰው ያጠፋውን ሰው ሊክስ እንደሚችልም አልጻፋችሁም። አሜሪካ በ1977 በሕግ ከለላ ሰጠቻት፤ ግሪን ኬይም በዚያው ዓመት የዱር እንስሳት መጠለያ ሆነ። በሴንት ክሮይ አጠገብ ወዳለው ትንሹ ባክ ደሴት ሊመልሷት በ1968 ያደረጉት ሙከራ ከሽፎ ነበር፤ ሞንጉሱ ገና እዚያው ነበርና። እርሱ ከደሴቱ ከተወገደ በኋላ ግን በ2008 ከግሪን ኬይ 57 እንሽላሊቶች ተወስደው ተለቀቁ። መጀመሪያ በአጥር ውስጥ አቆይተው ነው የለቀቋቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደሴቱ ተዋልደው ተሰራጩ። ይህን የሠሩ ሰዎች ድካም ከማዕበሉ ይልቅ መስመር ይገባው ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ማረሚያ እንድታወጡ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ማረሚያው ሞንጉስን፣ ሸንኮራ አገዳውንና አስመጪዎቹን ይጥቀስ። ፎቶግራፉንም እባካችሁ ቀይሩት፤ አንባቢ ቢያንስ መልኳን ይወቅ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሜሪላንድ