ቢጫው መስመር ምሰሶ ጋ ሲደርስ
(ግልጽ ደብዳቤ)

ለከተማችን የእግረኛ መንገድ ሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ መንገድ ሲቀየር አስቀድሞ እንዲነገረን፣ ተሠርቶ ሲያልቅም ከርክክቡ በፊት አብራችሁን እንድትሄዱበት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ዓይነ ስውር ነኝ። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ ባለው መንገድ 11 ዓመት ተመላልሻለሁ። ባለፈው መስከረም አንድ ማለዳ በትሬን ይዤ ብወጣ መንገዱ የለም። ማስታወቂያ ነበር አሉ፤ በጨርቅ ተጽፎ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ። እኔ ያንን አጥር በየቀኑ እየነካሁ ነበር የማልፈው።

ብዙ ሰው እርምጃ እየቆጠርን የምንሄድ ይመስለዋል። ሰላምታ እየመለሰ፣ ከባጃጅ እየሸሸ 600 እርምጃ ሳይሳሳት የሚቆጥር ሰው ካለ አሳዩኝና ልማርበት። እኛ የምንይዘው ምልክት ነው። የእኔ መንገድ እንዲህ ነበር፦ ከበር ወጥቶ ቁልቁል፤ በርበሬው የሚያስነጥሰው ወፍጮ ቤት ሲደርሱ ወደ ቀኝ፤ ከዚያ በትር ሲነካው የሚንኳኳው የቆርቆሮ አጥር፤ አጥሩ አልቆ ጉንጭን ነፋስ ሲመታ ቅያሱ እሱ ነው፤ ከቅያሱ ማዶ ሊስትሮዎቹ ሣጥናቸውን በብሩሽ ሲመቱ ይሰማል፤ እነሱን አልፎ ታክሲ መያዣው። ወፍጮ ቤቱ ፈረሰ፣ አጥሩ ተነሳ፣ ሊስትሮዎቹም ሄዱ። መንደሩ ጸዳ ተባለ፤ እኔ ደግሞ ማንበብ እንደገና መማር ነበረብኝ።

አዲስ ቦታ የሚለመድበት የራሱ ሥርዓት አለው። ተማሪ ሳለን የሞቢሊቲ (በበትር ራስን ችሎ የመንቀሳቀስ) መምህራችን አዲስ ክፍል ስንገባ እጃችንን ይዞ ወንበር ላይ አያስቀምጠንም ነበር። በሩን መነሻ አድርገን፣ ጣታችንን አጠፍ አድርገን፣ በእጃችን ጀርባ ግድግዳውን እየታከክን ዙሪያውን ዞረን በሩ ጋ እንመለሳለን። መሐሉን የምናቋርጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ትይዩው። ሲያበቃ ክፍሉ ጭንቅላታችን ውስጥ ይቀመጣል። ጎዳናም የሚለመደው ጠርዙን ይዞ ነው፤ በግንቡ፣ በቦዩ አፍ፣ በዳገቱ። በትር መሬት ሲመታ የሚመለሰው ድምፅ እንኳ ግድግዳና ክፍት ቦታን ይለያል። ስለዚህ የምትሠሩት ሰፊ አደባባይ ማማሩን ባምንም፣ ለእኔ ጠርዝ የሌለው ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ሰው ቀጥ ብሎ የሄደ እየመሰለው ይጠመዘዛል። ክረምት ሲሆን ይብሳል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ለእኛ ጭጋግ ነው፤ መኪናውንም ሰውንም ይውጠዋል። የኤሌክትሪክ መኪናው ዝምታ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

በእግርና በበትር የሚዳሰስ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ምልክት ያለውን ቢጫውን ንጣፍ ማንጠፍ ስትጀምሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ፈልሳፊው ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሠራው፤ በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ፣ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ቋንቋው ሁለት ቃል ነው፤ ረጃጅሙ መስመር «ሂድ»፣ ነጠብጣቡ «ቁም፣ አስተውል» ይላል። ቢጫነቱ ጭላንጭል ላላቸው ሰዎች እንዲለይ ነው።

በእኔ ሰፈር መስመሩ «ሂድ» አለኝ፤ ሄድኩ፤ በግንባሬ የመብራት ምሰሶ አገኘሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ ክዳን የሌለው ጉድጓድ አለ። ነጠብጣቡ ያለው ከጉድጓዱ ማዶ ነው፤ ገብቶ ለወጣ ሰው «አስተውል» ይላል። ያነጠፈውን ሠራተኛ አልወቅሰውም፤ ለጌጥ መስሎት ይሆናል። መስመሩ ላይ ረከቦቷን የዘረጋችውን ልጅም አልወቅስም፤ ይቅርታ ጠይቃኝ ቡናም ጋብዛኛለች። ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ውለታ እየለመንኩ አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ተደራሽ መሆን ካለባቸው ነገሮች መካከል መንገድን በስም ይጠራል። ለሕንፃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 624/2001ም አንቀጽ 36ን ለአካል ጉዳተኞች ሰጥቶ ነበር። ሕግ አላጣንም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። መንገድ ልታፈርሱ ስትሉ ጨርቁ እንዳለ ሆኖ በሬዲዮም ተናገሩ፤ በዕድር ጥሩንባ ቢሆንም አልጠላም። ሥራው ሲያልቅ፣ ሥራ ተቋራጩ ከማስረከቡ በፊት፣ በትር የያዝን ሁለት ሦስት ሰዎች ከመሐንዲሱ ጋር ከዳር እስከ ዳር እንሂድበት። ግማሽ ቀን ይበቃል። ምሰሶው በዚያ ግማሽ ቀን ይገኝ ነበር፤ እኔም ግንባሬን አልሰፋም ነበር።

አሁን አዲሱን መንገድ እየተማርኩት ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መኪና ሳይበዛ፣ አንዱን ዳር ይዤ ሄጄ በዚያው ዳር እመለሳለሁ። እስካሁን ሦስት ምልክት አግኝቻለሁ፦ የዳቦ ቤቱን ሽታ፣ ስትረገጥ የምትነቃነቅ አንዲት ንጣፍ እና ምሰሶውን። ንጣፏን ስታጠብቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ከእናንተ መካከል መምጣት የፈለገ ካለ በዚያ ሰዓት ምሰሶው ጋ ያገኘኛል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የከተማው ነዋሪ