ቃል ያጠፈው ማን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር እዚህ ድሬዳዋ ከዚራም ሆነ ታይዋን ሰፈር በየበርጫው የሚነሳው ጥያቄ «ቃል ገብቶ ለምን አላደረገውም?» የሚል ነው። ጋዜጣችሁም «ቃሉን አጠፈ» ብሎ ያልፈዋል። የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር የምክር ቤቱን አብላጫ ይዞ ስለሚነሳ በጀቱ አያስቸግረውም። የዚያ አገር ፕሬዚዳንት ግን ለብቻው ነው የሚመረጠው፤ ምክር ቤቱ በሕግ ካልፈቀደ ደግሞ ከግምጃ ቤት አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ኦባማ የጓንታናሞ እስር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ ጃንዋሪ 22 ቀን 2009 ፈረሙ። በሜይ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ የሆነው ሴኔት ለመዝጊያ የተጠየቀውን 80 ሚሊዮን ዶላር 90 ለ 6 በሆነ ድምፅ ከለከለ፤ ያውም አብላጫው የራሳቸው ፓርቲ ሆኖ። ቀጥሎ እስረኞቹን ወደ አሜሪካ ምድር ለማዛወር ገንዘብ እንዳይወጣ የሚከለክል አንቀጽ በመከላከያው ሕግ ውስጥ ተሰነቀረ። ያንን አንቀጽ ብቻ መሰረዝ አይቻልም፤ ፕሬዚዳንቱ ከአንድ ሕግ መርጦ እንዲሰርዝ የሚፈቅደውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ሽሮታል። ወይ ሙሉውን መፈረም፣ ወይ የሠራዊቱን ጉዳይ ጭምር ይዞ መመለስ ነው። ፈረሙ። 242 እስረኞች ተረክበው፣ ብዙዎቹን ወደ ሌሎች አገሮች ልከው፣ 41 ትተው ወጡ።

ትራምፕም ለድንበሩ ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው፣ መንግሥት 35 ቀን በከፊል ተዘግቶ፣ የተፈቀደላቸው 1.375 ቢሊዮን ነው።

ለድሬ ልጅ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዲቪ ነው። «እንትና ከተመረጠ ዲቪ ይቀራል» ይባላል። ዲቪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የቆመ ስለሆነ ፕሬዚዳንት በፊርማው አያጠፋውም፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው፣ ሴኔት ላይ ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ አብዛኛውን ጊዜ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ይህ ግን ዋስትና እንዳይመስላችሁ። የኢሚግሬሽን ሕጉ ራሱ የውጭ ዜጎችን መግባት የማገድ ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል፤ ትራምፕ በኤፕሪል 2020 ባወጡት እገዳ ዲቪም ተካቷል። የዲቪ ዓመት ሴፕቴምበር 30 ያበቃል። እስከዚያ ቪዛው ካልተሰጠ ዕጣው ይቃጠላል፣ ወደ ቀጣዩ ዓመትም አይተላለፍም። ስለዚህ ሕጉን ሳይነኩ ጉዳዩን ማጓተት ብቻ ይበቃል፤ ዕጣ የደረሰውን የሚጎዳውም ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ምርጫ የእጩዎቹን ቃል ስትዘግቡ ከያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ጨምሩልን፦ በፊርማ የሚያልቅ ነው? በጀት ይፈልጋል? ሕግ ይፈልጋል? ወይስ ከ50ዎቹ ግዛቶች የ38ቱን ይሁንታ የሚጠይቅ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ?

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ