የእኔን ኪኒን አይተህ አትጀምር

ልጄ፣

የላክህልኝን የላብራቶሪ ወረቀት አየሁት። ኤልዲኤል፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ 142፣ አጠገቡ ቀይ ምልክት። አንተም ቀዩን አይተህ ደነገጥክና "እማ፣ እኔም እንዳንቺ ስታቲን ልጀምር?" አልከኝ፤ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ኪኒኔን ማለትህ ነው። ቆይ እስቲ፣ ተረጋጋ።

እኔ የልብ ሕመም አንዴ አግኝቶኛል። ልቡን ወይም ስትሮክ ለታመመ ሰው ኪኒኑ ብዙ አያከራክርም። ኤልዲኤሉ 190 እና ከዚያ በላይ ለሆነም እንደዚያው፤ ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ ነው። ከ40 እስከ 75 ዓመት ላለ የስኳር ሕመምተኛም በአብዛኛው ይታዘዛል። አንተ ከሦስቱም የለህበትም።

የሚያከራክረው እንዳንተ ዓይነቱ ነው። ሐኪሙ ዕድሜህን፣ ግፊትህን፣ ስኳርህን፣ ኮሌስትሮልህን፣ ማጨስ አለማጨስህን ደምሮ በ10 ዓመት ውስጥ በልብ ወይም በስትሮክ የመታመም ዕድልህን ያሰላል። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከ40 እስከ 75 ዓመት ያለና ቢያንስ አንድ አጋላጭ ነገር ያለበት ሰው ዕድሉ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስታቲን ይጀምር ይላል። ከ7.5 እስከ 10 ከሆነ ግን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይወስን ነው የሚለው።

"አደጋውን በሩብ ይቀንሳል" ሲሉህ "ከስንቱ?" በል። ከ100 ሰው 20ው ሊታመም ከነበረ፣ ሩቡ ሲቀነስ 5 ሰው ከመታመም ይተርፋል። ሊታመም የነበረው 4 ብቻ ከሆነ የሚተርፈው 1 ነው። ሌሎቹ 99ኙ በየቀኑ ውጠው ያተረፉት ነገር የለም። ኪኒኑ ያው ነው፣ ጥቅሙ ግን እንደ ሰውዬው ይለያያል። ለ1 ሰው ብዬ 10 ዓመት እውጣለሁ የሚል አለ፤ አይ የሚልም አለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ጡንቻ ያማል ስለሚባለው ብዙ አትጨነቅ። አንዳንዱን በእርግጥ ያመዋል። ግን ስታቲን አሞን አቆምን ያሉ ሰዎች ሳያውቁ ባዶ ኪኒን ሲሰጣቸውም አብዛኛው ሕመም ያው ተሰምቷቸዋል። የደም ስኳርን ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ስለ እሱ ግን ሐኪሙን ጠይቅ።

በእኔም አታሳብብ። በቤተሰብ አለብህ የሚባለው አባት ከ55፣ እናት ከ65 ዓመት በፊት ሲታመሙ ነው። እኔን የያዘኝ 70 ካለፍኩ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሲጋራው። የማላውቅ መስሎህ ነው? መጠይቁ ላይ "ታጨሳለህ?" ሲል "አይ" ብለህ እንዳትሞላ። ስሌቱን ከፍ ከሚያደርጉት አንዱ እሱ ነው። አንተና ሐኪሙ ከተጠራጠራችሁ የልብ ደም ሥር ላይ የተጠራቀመው ካልሲየም በሲቲ ስካን ይታያል። ዜሮ ከመጣ ኪኒኑን ማቆየት ይቻላል፣ አጫሽ ላይ ግን ዜሮውም ያን ያህል አያስተማምንም።

ቀጠሮህ ላይ ፐርሰንቱን ሳታውቅ እንዳትወጣ። ሲጋራውን ብታቆም ስንት እንደሚሆንም አስላልኝ በለው። ከዚያ ሁለቱንም ቁጥር ይዘህ ደውልልኝ።

እናትህ