ፌሪንጉን ስታወልቁ ነው ጉዱ የሚታየው

ሰላም የግሩፑ ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ስለ ካፌ ሬሰሩ (ትርፍ ነገሩ ተነቅሎ፣ መሪው ዝቅ ብሎ በድሮ ስታይል የሚሰራ ሞተር ሳይክል) በየቀኑ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። የያዝኩት ሱዙኪ ኤስቪ 650 ነው የ2001 ሞዴል (በፈረንጅ)፣ 645 ሲሲ፣ ካርቡራተር ያለው፣ ከ2003 ጀምሮ ያሉት ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩ) ስለሆኑ ለጀማሪ ይሄኛው ይቀላል ባይ ነኝ። ዘመናዊ ስፖርት ሞተር ላይ ያለው ችግር ምን መሰላችሁ፣ ፌሪንጉ፣ ማለትም የሚሸፍነው ፕላስቲክ፣ ሲወልቅ ስር ያለው ቱቦና ሽቦ ሁሉ ይዘረገፋል፣ የድሮዎቹ የለንደን ልጆች በፈረንጅ 1960ዎቹ የትራያምፍ ኢንጅን ኖርተን ሻሲ ላይ ጭነው ትሪተን የሚባለውን ካፌ ሬሰር ሲሰሩ ራዲያተር የት ልደብቅ የሚል ጣጣ አልነበረባቸውም።

የሻሲውን ኋላ ሳትቆርጡ በፊት ባትሪውና ፊውዝ ቦክሱ የት እንደሚገባ ወስኑ፣ እኔ ቀድሜ ቆርጬ ሁለት ሳምንት ባትሪ ይዤ ስዞር ነበር 😂 ደግሞ ሾኩ ሲወርድ ጎማው ወንበሩን እንዳይነካ ለኩ። የኤርቦክሱን (የአየር ማጣሪያው ሳጥን) ነገር በተመለከተ፣ አውጥታችሁ ትንንሽ ፊልተር ከገጠማችሁ ጄቱን (ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚለካውን ቀዳዳ) መቀየር ግድ ነው ያለዚያ ነዳጅና አየሩ አይመጣጠንም፣ የኔን አልነካሁትም፣ ማማር ለብቻው ምን ይሰራል።

መሪውን ዝቅ ያደረጋችሁ ልጆች ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩት፣ ሰልባትዮውን ወይ ጣታችሁን ከመታ መልሱት፣ የፍሬን ቱቦውም እንዳይወጠር። ቅዳሜ ጠዋት ግራይንደር ያለው ይዞ ይምጣ፣ የኔ ተቃጥሏል።