ውሃው 100 አልደርስ አለ፦ የሳይንስ ክበባችን ዓመት

መስከረም መጨረሻ ላይ ደሴ በሚገኘው ክበባችን 34 ልጆች ተመዘገቡ። ግማሾቹ ሮኬት የምናመጥቅ መስሏቸው ነው። ኅዳር ላይ 21 ብቻ ቀረን። እነዚህ ግን ደወል ተደውሎ እንኳ ውጡ ካልተባሉ የማይወጡ ሆኑ።

የመጀመሪያውን ረቡዕ ቀለል ባለ ነገር ልጀምር ብዬ ውሃ ማፍላት መረጥኩ። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ብረት ድስት፣ አንድ ቴርሞሜትር። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ስላቸው ሁሉም ባንድ ድምፅ «100!» አሉ። መጽሐፉ ላይ አለ፤ ፈተና ላይም ይመጣል። ድስቱ ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ።

«ቲቸር፣ ተበላሽቷል።»

መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አደረግኩትና «መበላሸቱን በምን እናውቃለን?» አልኳቸው። ለአስተማሪ ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም፤ እያወቁ ዝም ማለት ያሳክካል።

አንዱ ሌላ ቴርሞሜትር ይምጣ አለ። መጣ፤ እሱም 92። አንዷ እሳቱ አንሶ ነው አለች። ምድጃውን እስከ መጨረሻው ለቀቅነው፤ ውሃው ዘለለ እንጂ ዲግሪው ንቅንቅ አላለም። በሳምንቱ በከሰል ሞከርን፤ ያው 92። ከዚያ ከጁስ ቤት በረዶ ለምነን አመጣንና ቴርሞሜትሩን የሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ከተትነው። ቀስ እያለ ወርዶ ዜሮ ላይ ቁጭ አለ። እታች እውነት የሚናገር ዕቃ እላይ ሲደርስ ለምን ይዋሻል? ክፍሉ ጸጥ አለ።

የክበቡ ሕግ አንድ ነው። ከሙከራው በፊት ግምትህን በእስክሪብቶ ትጽፋለህ፤ ከተሳሳተ ደምስሰህ አታጠፋውም። ይህች ሕግ ስንት ለቅሶ እንዳመጣች! አንዱ ልጅ ገጹን ቀድዶ ሊበላው ምንም አልቀረውም። ስህተት ማለት በቀይ እስክሪብቶ የሚመታ ነገር ነው ብለን ያሳደግናቸው እኛው ነን፤ ማንን እንወቅሳለን?

ታኅሣሥ ላይ «ሳይንቲስት ማለት ፈረንጅ ነው» የሚል ክርክር ተነሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማን ያነሳሁላቸው ያኔ ነው። እሳቸው በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያዛምተው ይኸው ቀንድ አውጣ ነው። ያዩትን አይተው አላለፉም። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ አስጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመታት የፈጀ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። እንዶድ ስል ልጆቹ ሳቁ፤ አያቶቻቸው ቤት የሚያውቁት ነገር ነዋ። ወዲያው «ቦርከና ወንዝ ወርደን እንሞክር» አሉ። አይሆንም አልኩ። ቢልሃርዚያ ሊኖርበት በሚችል ውሃ ውስጥ ልጅ አላስገባም፤ እንዶድ ደግሞ ዓሣም ይፈጃል። አንድ ሳምንት ተኮራረፍን።

ጥር ላይ አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ የ92ቱን ነገር ፈታችው። «እማ፣ ኮምቦልቻ ሳለን ባቄላ ቶሎ ይበስልልኝ ነበር ትላለች» አለች። በቃ፣ የዋጥኩትን ተፋሁት። የአየሩ ክብደት ውሃውን ይጫነዋል። ከፍ ወዳለ ቦታ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ጫናው ይቀላል፣ ውሃውም ገና 100 ሳይደርስ ይፈላል። ባቄላው የሚዘገየው ለዚህ ነው፤ ደሴ ላይ የፈላ ውሃ ትኩሳቱ ያንሳል። 100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ በግምት 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናቸው። ልጆቹ አሰሉት፤ ልዩነቱ 2 ዲግሪ። በየደብተሩ ለኮምቦልቻ 94 ተብሎ በእስክሪብቶ ተጻፈ።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ምድጃውንና ድስቱን ሚኒባስ ላይ ጭነን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የልጅቷ አክስት ግቢ ውስጥ ምድጃውን ሰካን። መብራት ጠፋ። «አብሽሩ» አሉ አክስቷ፣ ከሰል አቀጣጠሉልን። አንዱ ግን ተቃወመ። «ምድጃው ተቀየረ! ከደሴው ጋር አይወዳደርም።» ሌላዋ ደብተሯን ገልጣ የጥቅምቱን ገጽ አሳየችው፤ በኤሌክትሪክም በከሰልም ያው 92። ዝም አለ። እኔ ያንን ገጽ ረስቼው ነበር።

ውሃው ፈላ። 21 አንገት ድስቱ ላይ ተንጠራራ። 93ን አለፈ፣ 94 ሳይደርስ ቆመ። ጠበቅን። አልነቃነቅም አለ።

«94 ብለን እንጻፈው፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለ አንዱ። ብዙዎቹ ተስማሙ። ተስማምተው መጻፍ ሲጀምሩ የባቄላዋ ልጅ፣ «ወላሂ እኔ 93 ተኩል ነው ያየሁት፣ 93 ተኩል ነው የምጽፈው» ብላ ወደ ጥግ ሄደች። እኔ ተማሪ ሳለሁ የላብ ሪፖርቴን ከመጽሐፉ መልስ ጀምሬ ወደ ኋላ ነበር የምሠራው። ሁልጊዜ ልክ እመጣ ነበር፤ ሁልጊዜ ሙሉ ማርክ። ያንን ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ትንሽ አፍሬ። ከዚያ አንድ በአንድ «94»ን በአንድ መስመር አጋድመው 93.5 ጻፉ። ደምስሶ ማጥፋት ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከሥሩ ይነበባል።

ለምን ግማሽ ጎደለ? ከፍታዎቹን በግምት ነው የወሰድነው፤ ቴርሞሜትራችንም መስመሮቹ በ1 ዲግሪ የተራራቁ ስለሆነ ግማሹ የዓይን ሥራ ነው። ልጆቹ ሁለቱንም ጽፈዋል። ባቄላውን ግን መብራቱ ስላስረፈደን አልቀቀልነውም፤ የእናትየዋ ነገር ገና አልተፈተነም።

ምድጃ ላዋሱን፣ ቁልፍ ለከፈቱልን ሁሉ እናመሰግናለን። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ይህም ይመዝገብ።

ልጆቹ ለመስከረም ጦሳ ተራራ ላይ ወጥተን ውሃ እናፈላለን ብለዋል። ግምታቸው በየደብተሩ ሰፍሯል፤ ትንሹ 87፣ ትልቁ 91። እዚያ ሶኬት ስለሌለ ከሰል ተሸካሚዎቹ ከአሁኑ ዕጣ ወጥቶባቸዋል። እኔም አንዱ ነኝ።