ለዛፍ እጅ የነሳው አባት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እሑድ ዕለት ከልጅ ልጅህ ጋር «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የሚባል የጃፓን ካርቱን አየን። የፊልም ሠሪው ሃያዎ ሚያዛኪ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። እሷ ድመት በሚመስለው አውቶቡስ ስትስቅ እኔ አንተን እያሰብኩ ነበር።

ዘመኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፣ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ.። አንድ አባት ሳትሱኪና ሜይ የሚባሉ ሴቶች ልጆቹን ይዞ በሩዝ ማሳ መካከል ያለ አሮጌ ቤት ይገባል። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታለች። የአራት ዓመቷ ሜይ አንድ ቀን በቁጥቋጦ ሥር ሾልካ ትሄድና ትልቅ የካምፎር ዛፍ ውስጥ ፀጉራም፣ ግዙፍ ፍጡር፣ ቶቶሮ የምትለው፣ ተኝቶ ታገኛለች። ሆዱ ላይ ወጥታ እሷም እንቅልፍ ይወስዳታል። በኋላ ለአባቷና ለእህቷ ልታሳያቸው ብትል መንገዱ ጠፋባት። ሲስቁባት አልዋሸሁም ብላ እንባዋ መጣ። አባትየው ግን እንደማትዋሽ አውቃለሁ፣ የጫካውን ንጉሥ አግኝተሽ ይሆናል አላት። ከዚያም ሁለቱንም ይዞ ዛፉ ዘንድ ወጣ፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ልጄን ስለጠበቅክልኝ አመሰግናለሁ ብሎ እጅ ነሳ።

እዚህ ላይ አለቀስኩ። እማዬ ነፍሷን ይማርና ሆስፒታል በተኛችበት ክረምት፣ ማታ ማታ ነጭ ወፍ መስኮቴ ላይ እያረፈ ወሬዋን ያመጣልኛል ብዬህ ነበር። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ከኮትህ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ አወጣህ። አንድ እፍኝ መስኮቱ ላይ አስቀመጥክና «መንገደኛ ነው፣ ይራበዋል» አልከኝ።

ፊልሙ ውስጥ ከሆስፒታል ቴሌግራም ሲመጣ ለልጆቹ ጉንፋን ነው ይሏቸዋል። ሳትሱኪ ግን ያኔም ጥቂት ቀን ነው ተብሎ ነበር ብላ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። አንተም «ትንሽ ብርድ ነው» ብለኸኝ ነበር፤ እኔም ለዓመታት ዋሸኝ ብዬ ቂም ይዤብህ ኖሬያለሁ። ይቅር በለኝ አባዬ። አንተ ራስህ ያን ጊዜ ከአሁኑ እኔ ዕድሜ በታች ነበርክ። የሚያዛኪም እናት ልጅ ሳለ በጀርባ አጥንት ቲቢ ለዓመታት የአልጋ ቁራኛ ነበረች፤ ለካ እንዲህ አድርጎ የሣለው የሚያውቀውን ነው።

ለፋሲካ ስመጣ ፊልሙን ይዤልህ እመጣለሁ፤ አጠገብህ ቁጭ ብዬ እየተረጎምኩልህ እናያለን። ያን ክረምት ማታ ማታ ምን ታስብ እንደነበር ንገረኝ። ጠዋት ጠዋት ቆሎውን ማን ይጨርሰው እንደነበር ግን አትንገረኝ።

ልጅህ